ዐጸዱም ቤተ ክርስቲያን ነው

ከጐንደር ተነሥቶ በአምባ ጊዮርጊስና በዳባት በኩል ወደ ደባርቅ የሚጓዝ ሰው በመንገዱ ግራና ቀኝ የሚያየው አገር አብዛኛው የታረሰ ሜዳ ነው። ገብሱና ስንዴው ታጭዶ ከተወቃ በኋላ ምድሩ ራቁቱን ይቀራል፤ በየመንደሩ ዳር ከቆመው ባሕር ዛፍ በቀር ዓይን የሚያርፍበት ጥላ እምብዛም የለም። ዳሩ ግን እዚህም እዚያም፣ በየጉብታው ራስ ላይ፣ ጠቆር ብሎ የተሰበሰበ ዛፍ ይታያል። የአገሩ ሰው ይህን ሲያይ «ምንድን ነው?» አይልም፤ «ማን ነው ያለው?» ብሎ ይጠይቃል፤ ታቦት እንዳለበት ያውቃልና። ከዚያም ከመንገዱ ሳይወጣ ቆም ብሎ ይሳለማል። ልብ ብላችሁ አስተውሉ፤ ጣራው በቅጠል ተሸፍኗል፤ ግድግዳው አይታይም፤ መንገደኛው የተሳለመው ዛፉን አይቶ ነው።

እኔም በዚህ ጽሑፍ የምሟገተው ስለዚሁ ዛፍ ነው። ሙግቴም አንዲት ናት፤ ዐጸዱ ከቤተ ክርስቲያኑ ክፍሎች እንደ አንዱ ይቈጠራል። ስለዚህ ጽዱንና ወይራውን ቈርጦ ሸጦ በቦታው ባሕር ዛፍ የሚተክል ሰበካ ጉባኤ፣ ግቢውን አለማሁ ቢል እኔ አልቀበለውም፤ ቤተ ክርስቲያን አፈረሰ እላለሁ። ቃሌ ከባድ መሆኑን አውቃለሁ፤ ማስረጃዬን ሰምታችሁ ፍረዱ።

ክብ ሆኖ የሚሠራውን የአገራችንን ቤተ ክርስቲያን አሠራር የማያውቅ የለም። በመካከል ታቦቱ የሚያርፍበት መቅደስ አለ፤ በመቅደሱ ዙሪያ የሚቈርቡት የሚቆሙበት ቅድስት፣ በቅድስቱም ዙሪያ መዘምራን የሚያሸበሽቡበት ቅኔ ማኅሌት ይዞራል። አንዱ ክበብ ሌላውን እያቀፈ ወደ ውጭ ይሰፋል። ታዲያ ከሦስተኛው ግድግዳ ስንደርስ ቤቱ አለቀ የምንለው ስለ ምን ነው? ከቅኔ ማኅሌቱ በር ስትወጣ የምትገባው ወደ አራተኛ ክበብ ነው፤ የዚህ ክበብ ዓምዱ ግንድ፣ ጣራው ቅጠል ነው፤ እርሱንም ደግሞ ቅጽሩ ያቅፈዋል። ክርስቲያን የቅጽሩን በር ስሞ የሚገባው ወደ ባዶ ሜዳ ለመግባት ነውን?

ስሙም ራሱ ይመሰክራል። ዐጸድ በግእዝ የታጠረ ቦታ፣ የተክል ስፍራ ማለት ነው፤ ዐጸደ ወይን ስንል የወይን ቦታ ማለታችን ነው። ዘመናዊ ትምህርት በመጣ ጊዜ ትንንሽ ልጆች የሚማሩበትን ቤት ዐጸደ ሕፃናት ብለን የሰየምነው፣ የሙታንንም ማረፊያ ዐጸደ ነፍስ የምንለው ከዚሁ ቃል ነው። በጐንደር ያለውን ደብረ ብርሃን ሥላሴን ያያችሁ ደግሞ ቅጽሩን ታስታውሱታላችሁ፤ በላዩ የቆሙት 12 ማማዎች የ12ቱ ሐዋርያት ምሳሌ ናቸው ተብሎ ይተረጐማል። ቅጽሩን እንኳ በምሳሌ የሠሩ ሰዎች በቅጽሩና በቤቱ መካከል ያለውን ዛፍ እንዲያው በዘፈቀደ ተዉት ማለት የማይመስል ነገር ነው።

ነገር ግን የስምና የምሳሌ ክርክር ብቻውን ሰውን አያሳምንም። ክፍል ክፍል የሚባለው ሰው ሲኖርበት ነውና፣ እስኪ በዚህ በአራተኛው ክፍል ውስጥ ማን እንደሚቆም እንይ።

በሰንበት ቅዳሴ ሲቀደስ ወደ አንዱ የገጠር ደብር ሂዱና ከግንዱ ሥር ያለውን ሰው ቍጠሩት፤ ብዙ ጊዜ ከውስጥ ካለው ይበልጣል። ወንድ ልጅ ወልዳ 40 ቀን ያልሞላት፣ ሴት ልጅ ወልዳ 80 ቀን ያልሞላት እናት እዚያ ናት። የወር አበባዋ የመጣባት ልጃገረድ ነጠላዋን ተከናንባ ከወይራው ሥር ቆማለች። ቍርስ ቀምሶ የመጣ እረኛ፣ ልቡ የከበደውና ንስሐ ሳይገባ ደጁን መርገጥ የፈራ ሰው፣ ቍስሉ የሚሸት በሽተኛ፣ ለማኙ፣ ዓይነ ስውሩ፣ ሕፃን የሚያለቅስባት፣ ከሩቅ አገር መጥታ የረፈደባት፤ እነዚህ ሁሉ ወደ ውስጥ አይገቡም። አይገቡም እንጂ ከቤተ ክርስቲያን ውጭ ናቸው የሚል ማን ነው? ዲያቆኑ «ተንሥኡ» ሲል ይነሣሉ፤ «ስግዱ» ሲባል በግንዱ ሥር ባለው በረገፈው ቅጠል ላይ ይሰግዳሉ። ቤት ሠሪው ግድግዳውን ሲያቆም ያላሰበላቸውን ሰዎች ዛፉ አስቦላቸዋል። እንግዲህ ዛፉ ሲቈረጥ ፀሐይ ላይ የሚወጣው ማን ነው? ቈራጩ አይደለም፤ እርሱ ጋቢውን አጣፍቶ ከውስጥ ቆሟል። ፀሐይ ላይ የምትወጣው አራስዋ ናት።

ሰንበት ሲያልፍም ክፍሉ ባዶ አይሆንም። ማኅበር የሚጠጣው፣ የሙት ዓመት የሚዘከረው፣ የተጣላ የሚታረቀው ከዚያው ጥላ ሥር ነው። የቆሎ ተማሪ ጎጆውን የሚቀልሰው በዐጸዱ ዳር ነው፤ የቅኔ ተማሪም ቅኔ ሊቈጥር ሲፈልግ ከሰው ተለይቶ ዛፍ ውስጥ ይገባል። ከባሕር ዛፍ መደዳ ውስጥ ገብቶ ቅኔ የሚቈጥር ተማሪ ያያችሁ እንደሆነ ንገሩኝ።

አሁን ደግሞ ለእናንተ ለተማሩት የምናገረው አለኝ። አንድ ወጣት በቅርቡ በስልኩ የፈረንጅ አገር ሥዕል አሳየኝ፤ በእንግሊዝ አገር፣ በቤድፎርድሻየር ግዛት፣ ዊፕስኔድ በምትባል መንደር ዛፍ ብቻ በዛፍ የተሠራ ካቴድራል አለ። ነገሩ እውነት ነው፤ ደግም ሥራ ነው። ኤድመንድ ብላይዝ የሚባል ሰው በአንደኛው የዓለም ጦርነት ተዋግቶ ጓደኞቹን አጣ፤ በኋላም የሊቨርፑል ካቴድራል ሲሠራ ተመልክቶ ለወዳጆቹ መታሰቢያ በ1932 እ.ኤ.አ. መትከል ጀመረ። ግራና ቀኝ በተሰለፉ ዛፎች መካከል ረጅሙን አዳራሽ ሠራ፤ እንደ መስቀል ክንድ ወደ ጎን የሚዘረጉትን ክፍሎች፣ መሠዊያ የሚሆንበትንም ስፍራ እያንዳንዱን በሌላ በሌላ የዛፍ ዓይነት ለየው። በ1953 እ.ኤ.አ. የመጀመሪያው ጸሎት ተደረገበት፤ በ1960 እ.ኤ.አ. ለአገሪቱ የቅርስ ጠባቂ ማኅበር ተሰጠ። ያ ወጣት ይህን እያሳየኝ «እነሱ እኮ ዛፍን ቤተ መቅደስ አደረጉት!» ብሎ አደነቀ። እኔም ዝም ብዬ ሰማሁት፤ ይህን ሲለኝ የተቀመጥነው ከአንድ ደብር ቅጽር ማዶ፣ ከአጥሩ ተርፎ በወጣ ወይራ ጥላ ሥር ነበር። በእጅ ያለ ወርቅ እንደ መዳብ ይቈጠራል ይባል የለም?

እንግሊዛዊው የተከለው አንድ ካቴድራል ነው፤ ለርሱም ክብር ይግባው። የእኛ አገር ግን በዛፍ የተከበቡ አብያተ ክርስቲያናት በአሥር ሺህ የሚቈጠሩ አሏት፤ መሐንዲስ ገመድ ዘርግቶ አልነደፋቸውም፤ ያቆያቸው የሕዝቡ ፍርሃትና ፍቅር ነው።

በሆላንድም አልሜር በምትባል ከተማ አጠገብ፣ ውኃው ተገድቦ ከባሕር በተነጠቀ መሬት ላይ፣ ማሪኑስ ቡዜም የተባለ ሠዓሊ በ1987 እ.ኤ.አ. የፈረንሳይን የሬምስ ካቴድራል መሠረት ቅርጽ ተከትሎ 178 የፖፕላር ዛፎች አስተክሏል። ይህን የማነሣው ስለ አንድ ነገር ነው። ፖፕላር ቶሎ ያድጋል፤ ቶሎም ያረጃል። ሠዓሊው ይህን አውቆ ነው የመረጠው፤ ካቴድራሉ ቶሎ ቆሞ በዓይኑ ፊት ቀስ በቀስ እንዲወድቅ ፈለገ። ከአጠገቡም በሌላ ዱር መካከል ያንኑ ቅርጽ ባዶ አድርጎ ከፈተ፤ ዛፎቹ ሲሞቱ የቤቱ መልክ በባዶው ቦታ እንዲታይ ነው። ለሠዓሊ ይህ ጨዋታ ይፈቀድለታል። የእኛ ደብር ግን ቶሎ የሚያድግ ተክሎ ቶሎ ባዶ መሆን ጨዋታው አይደለም፤ ቅዳሴው በየሰንበቱ አለበትና።

ከደባርቅ አልፎ ወደ ስሜን ተራራ ሲወጡ እኔ ያደግሁባት አምባራስ አለች፤ ከ3,000 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ናት። እዚያ እንደ ቈላው ዋንዛና ብሳና አይበቅልም፤ የከፍታው ዛፍ ኮሶ፣ አስታና አምጃ ነው፤ ከዚያም በላይ ጅባራ ብቻ ይቀራል። ብርዱ ጽኑ ስለሆነ ዛፍ የሚያድገው በትዕግሥት ነው፤ ሰውም ማገዶ አጥቶ ኩበት ያነዳል። የስሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ በ1978 እ.ኤ.አ. በዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል፤ ዋልያና ጭላዳ ለማየት ከዓለም ዳር የሚመጣው እንግዳ በመኪና ሽው ብሎ ያልፋል። ስለ ዋልያው ደስ ይለኛል። ብቻ፣ ዋልያን የሚጠብቅ ደመወዝተኛ ዘበኛ ሲኖር ኮሶውን የሚጠብቀው የታቦቱ ስም ብቻ መሆኑን ማንም አያነሣውም።

ይህ ስም ምን ያህል እንዳቆየ ግን ተቈጥሯል። ብዙዎቻችሁ «እመጓ» በተባለው ልብ ወለዱ የምታውቁት ዶክተር ዓለማየሁ ዋሴ በሙያው የደን ምሁር ነው፤ በ2007 እ.ኤ.አ. በሆላንድ አገር ለዶክትሬት ባቀረበው ጥናቱ በደቡብ ጐንደር በ28 አብያተ ክርስቲያናት ዐጸድ ውስጥ 168 ዓይነት ዛፍ፣ ቍጥቋጦና ሐረግ መዝግቧል። ከቅጽሩ ውጭ ያለው እርሻና ግጦሽ ብቻ ሲሆን ከቅጽሩ ውስጥ ይህ ሁሉ ተርፏል። በጣና ባሕር ዳር በዘጌም መነኮሳቱ በሬ ጠምዶ ማረስን ከልክለው ስለኖሩ ደኑ እስከ ዛሬ አለ፤ ቡናውም ከጥላው ሥር ይለቀማል።

ታዲያ ጥፋቱ ከወዴት መጣ? የሰበካውን ሰው በጭፍን መውቀስ አልወድም፤ የእርሱም ነገር ይሰማ። የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. በታወጀው አዋጅ የገጠር መሬት ሁሉ የመንግሥት ሆነ፤ ቤተ ክርስቲያንም ከርስቷ ታገኘው የነበረው ገቢ ተቋረጠ። ስሙን የማልጠራው የአንድ ደብር ሽማግሌ «ልጄ፣ ጽዱን ቆሜ ሳየው ብውል ጧፍ አይሆነኝም» ብለውኛል። ለጧፉ፣ ለዕጣኑ፣ ለዘቢቡ፣ ለቄሱ ጉርስ ገንዘብ ያስፈልጋል። ባሕር ዛፍ በአጼ ምኒልክ ዘመን ከአውስትራልያ ከገባ ጀምሮ ለድሃ ባለውለታ ሆኗል፤ ተቈርጦ ከጉቶው እንደገና ያቈጠቍጣል፤ በጥቂት ዓመት ውስጥ ማገርና ምሰሶ ይሆናል። እርሱ ባይመጣ ኖሮ የቀረው ጽድ ሁሉ ለቤትና ለማገዶ ባለቀ ነበር። ባሕር ዛፍን የሚረግም ሰው ባሕር ዛፍ ባልሆነ ቤት ውስጥ እያደረ ይርገም።

እኔ የምለው ስለ ቦታው ነው። ምሰሶ የሚሸጥ ሰው ምሰሶ የሚያበቅልበት ማሳ አለው፤ ደብሩም ከቅጽሩ ውጭ ጥቂት መሬት ቢያገኝ በዚያ ይትከል፤ ምእመናኑም ከየእርሻቸው ዳር ለደብሩ አሥር አሥር እግር ቢተክሉለት ጧፍ አይቸግረውም። በዐጸዱ ውስጥ ሲተከል ግን ለብቻው አይቀመጥም። ውኃውን ይሻማል፤ ከሥሩ የረገፈው ቅጠል ሌላውን ዘር በቀላሉ አያበቅልም፤ ደግሞም የሚተከለው ሊቈረጥ ነው። በየጥቂት ዓመቱ ግድግዳው ተነሥቶ ገበያ የሚሄድበት ቤት ምን ዓይነት ቤት ነው?

አንዳንድ ሰው «ዐጸዱ መቼ ጠፋ? ከሩቅ ሲያዩት እንደ ድሮው ጠቁሮ ይታያል» ይለኝ ይሆናል። በዚህ ላይ የተደረገ ምርመራ አለ። ጣልያኖች በወረራ ዘመናቸው በ1938 እ.ኤ.አ. ከአውሮፕላን ያነሧቸውን ፎቶግራፎች ከዛሬዎቹ የሳተላይት ሥዕሎች ጋር ያስተያዩ ተመራማሪዎች፣ የብዙው ቤተ ክርስቲያን ደን ስፋቱ እንዳልጠበበ፣ እንዲያውም የሰፋ እንዳለ አይተዋል። ነገር ግን ከሰፋው መካከል ባሕር ዛፍ አለበት፤ የጥንቱም ደን በብዙ ስፍራ ሳስቷል። ክበቡ በቦታው አለ፤ ከሰማይ ሲያዩት አረንጓዴ ነው፤ የውስጡ ሰው ግን ተለውጧል። ሐምሌ 22 ቀን 2011 ዓ.ም. በመላ አገሪቱ በአንድ ቀን ከ350 ሚሊዮን በላይ ችግኝ ተተከለ ተብሎ የተነገረ ጊዜ እኔም ደስ አለኝ፤ ሆኖም የተተከለውን የሚቈጥር ሺህ ሰው ሲገኝ ከሦስት ክረምት በኋላ የጸደቀውን የሚቈጥር አንድ ሰው ማግኘት ይቸግራል።

ከባሕር ዛፉ ይልቅ የሚያስቆጣኝ ግን ሲሚንቶው ነው። የጥንቱ ቤት ጠበበ ይባልና ትልቅ ይሠራል፤ ይሠራ። ለድንጋይና ለአሸዋ መኪና መግቢያ ተብሎ ከፊት ያለው ጽድ ይቈረጣል፤ ሥራው ሲያልቅ ግቢው «እንዲያምር» በሸክላ ይነጠፋል። ከዚያም ሀብታሙ ይመጣል። በሕይወቱ ሳለ አንድ ችግኝ ያላጠጣ ሰው ሲሞት አምስት ክንድ መሬት በሲሚንቶ አስደፍኖ፣ በብረት አጥሮ፣ ፎቶግራፉን ለጥፎ ይተኛል። አባቱ የተቀበረው ወይራ ሥር ነው፤ ወይራው አባቱን አቅፎ ቆሟል። የልጁ ሲሚንቶ ግን ማንንም አያስጠልልም። ይህንን አለቆቹ ለምን እንደሚፈቅዱ ሁላችን እናውቃለን፤ ከፋዩ ስለሚከፍል ነው።

በሌላ ወገን ደግሞ ተማርን ባዮች አሉ። «ዛፍ የቈረጠ ይቀሠፋል» የሚለውን የእናቶቻቸውን ቃል ይዘው ይሣለቃሉ፤ ተረት ነው ይላሉ። ተረት ይሁን። በዚህ ተረት 168 ዓይነት ተክል ቆየ፤ የእናንተ ሣቅ ስንቱን አቆየ? ከዚህም በላይ፣ የምትሣለቁበት ነገር ሥራ እንዳለው በትምህርታችሁ መንገድ ልታረጋግጡት ትችላላችሁ። ከጥላው ሥር ያለውን አፈር ዝቃችሁ ከአጥሩ ውጭ ካለው አፈር ጋር አስተያዩት፤ ከዝናብ በኋላ የትኛው ውኃ እንደያዘ እዩ። የንብ ቀፎ ያለው ገበሬ ንቦቹ ወዴት እንደሚበሩ ጠይቁት።

ከሁሉም ሥራ የቀለለው ካብ መካብ ነው። የዐጸዱ ትልቅ ጠላት ከመጥረቢያው ቀጥሎ ከብት ነው፤ ትልልቁ ጽድ ቆሞ እያለ ከሥሩ የበቀለውን ግልገል ላምና ፍየል ስለሚበላው፣ አረጋዊው ሲወድቅ የሚተካው ወጣት አይኖርም። እንዲህ ያለውን ደን አይታችሁ «ደኅና ነው» አትበሉ፤ ሽማግሌ ብቻ የቀረበት አገር ነው። በደቡብ ጐንደር ይህን የተረዱ ደብሮች ከዓለማየሁ ዋሴና ማርጋሬት ሎውማን ከተባለች አሜሪካዊት የደን ምሁር ጋር ሆነው ዙሪያውን በድንጋይ ካብ አጠሩት። ድንጋዩን ያመጡት ገበሬዎች ከየማሳቸው ለቅመው ነው፤ ማሳው ከድንጋይ ጸዳ፣ ማረሻው ቀለለው፣ ዐጸዱም ቅጽር አገኘ። ይህ ሥራ የውጭ ምንዛሪ አይጠይቅም። የዳባትና የደባርቅ እርሻ ድንጋይ አነሰው የሚል ሰው ካለ እርሱ በባዶ እግሩ ሄዶበት አያውቅም።

ስለዚህ በመጪው ክረምት ወደየደብራችሁ ስትሄዱ ለሰበካ ጉባኤው ሁለት ጥያቄ አቅርቡልኝ። አንደኛው፣ ባለፈው ዓመት ከቅጽሩ ውስጥ ስንት ግንድ ወጣ፣ በማን ፈቃድ? ሁለተኛው፣ በወደቀው ጽድ ቦታ ምን ተተከለ፣ ማንስ አጠጣው? መልሱን ሲሰጧችሁ ከቢሮው ውስጥ ሆናችሁ አትስሙ። ወደ ጉቶው ይዘዋችሁ ይሂዱ፤ አራስዋ በሰንበት የምትቆምበትንም ቦታ በእጃቸው ያሳዩአችሁ።